ሁለት ሳምንት አልኩ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ቆጥሬ ተመልሻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ይቀለኛል መሰለኝ።

ታላቅ እኅቴ የሺ የሞተችው በሳንባ ካንሰር ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በዕድሜዋ ሲጋራ በእጇ አልያዘችም። በመንደራችን በድብ ባሕር፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች መስኮት የሌላት ጎጆ ውስጥ አረቄ ታወጣ ነበር። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፣ ከደከመ አረቄው አይወርድም፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከእሳቱ አጠገብ መነሣት የለም። እኔ ጎንደር ቤት ተከራይቼ የተማርኩት በዚያ አረቄ ነው።

የሚያጨሰው አባታችን ነው። ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ያጨሳል። እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ብቅ ትልና «አባባ፣ ያንተን እንኳ ነፋስ ይወስደዋል። ና እስቲ የእኔን ጢስ ቅመሰው!» ትለው ነበር። እንስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አባባ ያሳለው ጊዜ በአሥረኛው ቀን ጎንደር አድርሰን ራጅ አስነሣነው። ብርድ ነበር፣ ዳነ። እሷ ስታስል ግን ማን ቀን ቆጠረ? የምድጃ ነው ተባለ። እኔም የምድጃ ነው አልኩ።

ለገና ስመጣ ጎረቤታችን አያ ደሴ መንገድ ላይ ያዘኝ። «ምነው አንተ፣ ተማሪ ነኝ ትላለህ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም አታሳያትም?» አለኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ከፊታችን የነበሩ ሽማግሌ ወር ሙሉ እንዳሳላቸው ሲናገሩ፣ ነርሷ ወዲያው ወረቀት ጽፋ ጎንደር ሆስፒታል ስትልካቸው ሰማሁ። ሰምቻለሁ። ሳላውቅ አላደረግኩትም።

በእኛ ዘንድ ሴት ይዞ ሐኪም ቤት የገባ ወንድ፣ መልሱን የሚሰጠው እሱ ነው። ነርሷም እኔን እያየች «ካሳላት ስንት ጊዜ ሆናት?» አለች።

«ሁለት ሳምንት» አልኩ።

ለምን አልኩ? ጎንደር ከተላከች እሳቱ ይጠፋል፤ እሳቱ ከጠፋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልጨርስም ብዬ ነው። አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እሷን ግን አላሰብኩም።

የሺ ዞር ብላ አየችኝ። ነርሷ ተጠራጥራ «አንቺስ? እውነት ሁለት ሳምንት ነው?» አለቻት።

«ወንድሜ እንዳለው ነው» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ሽሮፕ ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ «ሸጋ አደረግህ። እኔ ደግሞ ጎንደር ምን ልሠራ?» አለችኝ። ከነገሩ ሁሉ ይህ ቃሏ ይከብደኛል። ይቅር ብላኝ ነው? ወይስ ሸክሙን ልትጋራኝ?

እኔ ፈተናዬን ተፈተንኩ። እሷ በመስከረም ደም ተፋች። ጎንደር ስንደርስ ሐኪሙ ፊልሙን አየና «ታጨሳለች?» አለ። አባባ ተቆጣ፤ «የእኔ ልጅ? እኔ እንጂ!» አለ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ለጥምቀት ሳትደርስ ሞተች።

ቀደም ብላ ብትመጣ ትድን ነበር? አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አባባ ከዚያን ቀን ወዲህ ሲጋራ በአፉ አላደረገም። ድንጋዩ ላይ ባዶ እጁን ተቀምጦ «የእኔ ጢስ ነው የበላት» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። እሰማለሁ፣ ዝምም እላለሁ። ነርሷን የዋሸሁት አንድ ቀን ነው፤ አባቴን ግን በየቀኑ እዋሸዋለሁ።

ማንበብ አይችልም፤ ይህን ወረቀት ነገ እኔው አነብለታለሁ። ድሀ ነበርን አልልም፤ ልጅ ነበርኩም አልልም። እሷም ድሀ ነበረች፣ እሷም ልጅ ሆና ነው እሳቱ ላይ የተቀመጠችው። ምሕረት ከሰጠኝ አባባ ያውቃል።

ነርሷ ለጠየቀችኝ መልሱ ይኸው፦ እኅቴ የሺ ያን ቀን ካሳላት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት ነበር።