ከናይሮቢ የተመለሰው ደጋፊ

ባሌ ሙሐዲን ሰላምታ ማቋረጥ አይችልም። እያጋነንኩ አይደለም። ስኳር እንዲገዛ ልኬው ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይመጣል፤ የት ነበርክ ስለው "ከአጋሮ የመጣ ሰው አገኘሁ" ይለኛል። የሰውየውን ስም እንኳ አያውቀውም። ግን ሰውየው ስለ ቤተሰቡ ጠይቆታል፤ እሱም የሰውየውን ቤተሰብ ጠይቋል፤ ከዚያ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ቡናው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአገሩ ሰላም ይጠየቃል። በእኛ በጅማ ኦሮሞዎች ዘንድ ሰላምታ እንዲህ ረጅም ነው፤ መሀል ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ሌላው ሰው ሲቸኩል ያሳጥረዋል። የእኔው ሰው ግን ማሳጠር አያውቅበትም።

ሥራው በርጩማ መጥረብ ነው። ሙያውን ያስተማሩት አባቴ አባቦራ ናቸው። ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሚስማር ያለ ማጣበቂያ፣ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ያወጡ ነበር። ሲድሩኝ ለሙሐዲን ከሰጡት ዕቃ ሁሉ እሱ የወደደው አንድ በርጩማ ነበር፤ በእጃቸው የጠረቡት፣ መቀመጫው ከማርጀቱ የተነሣ ቅቤ የመሰለ። እኔ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። እሁድ እሁድ በብብቱ ሸጉጦ ኳስ ሜዳ ይዞት ይሄዳል። እዚያ ገልብጦ በጉልበቶቹ መሀል ይይዘውና በመዳፉ ይመታዋል። እኔ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤቴ ሆኜ ድምፁ ይሰማኛል፤ ጎል ሲገባልንም ሲገባብንም ከአመታቱ አውቀው ነበር።

ከአጠገቡ የማይጠፋ አንድ ሰው ነበር፤ ከፈለ ይባላል። ከሰሜን የመጣ፣ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። ድምፁ ያምራል። ሙሐዲን ይመታል፣ ከፈለ ዘፈን ያወጣል፣ ሜዳው ሁሉ ይቀበላል። ከጨዋታ በኋላ ቤታችን መጥቶ ይበላል። ጅማ ውስጥ ዘመድ አልነበረውም። ጨዋም ነበር፤ ይህን አልክድም። አባቴን "አባባ" ነበር የሚላቸው፤ ሲገቡ ብድግ ይላል፤ እሳቸው ሳይቀመጡ አይቀመጥም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ብሔራዊ ቡድኑ ናይሮቢ ላይ ሊጫወት ሆነና ከየክፍለ ሀገሩ ደጋፊ ይመረጥ ተባለ። በዚያን ጊዜ ሰው ከአገር ሊወጣ ይቅርና ከጅማ አዲስ አበባ ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ከከፋ ክፍለ ሀገር ሁለት ሰው ተመረጠ፤ ሙሐዲን በበርጩማው፣ ከፈለ በድምፁ። ሙሐዲን ደስታው እንቅልፍ ነሳው። ከዚያ ቅጹ መጣ። እያንዳንዱ ደጋፊ ዋስ ይጥራ፤ ደጋፊው ካልተመለሰ ዋሱ ይታሰራል ይላል።

ለሙሐዲን ዋስ የሚሆኑት አባቴ እንደሆኑ ግልጽ ነው። ከፈለ ግን የሚጠራው ሰው አልነበረውም። መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። የለመነለት ሙሐዲን ነው።

"አባቦራ፣ ይሄ ልጅ እንግዳ ነው። እዚህ ሰው የለውም።"

"ሰው የለውም ያለህ ማነው?" አሉ አባቴ። "እኛስ ምንድን ነን?"

"አባ፣" አልኩ እኔ ዝቅ ብዬ፣ "አገሩን አናውቀው፣ እናቱን አናውቃት። እዚያው ቢቀርስ? የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።"

"ፈድሊያ፣ ቤቴ የበላ ልጅ ነው። እንግዳ በእኔ ደጅ ዋስ አጣ አይባልም።"

በሁለቱም ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ፤ አንዱ ለሙሐዲን፣ አንዱ ለከፈለ። ከፈለ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀለሙ ከጣታቸው እስኪለቅ ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየው ሙሐዲን ነው። እኔ ከእሱ አፍ የሰማሁትን ነው የምናገረው፤ ደጋግሞ ስለነገረኝ ግን አብሬው የሄድኩ ያህል አውቀዋለሁ።

ጉዞው በአውቶቡስ ነበር፤ በሞያሌ በኩል። የሁሉም ፓስፖርት በመሪያቸው በጓድ ብርሃኔ ቦርሳ ውስጥ ተቆለፈ። ደጋፊው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተመደበ፤ ሙሐዲን ከከፈለ ጋር። ሽንት ቤት ሲኬድ በጥንድ፣ ሲበላ በጥንድ፣ ሲተኛ በጥንድ። አንዱ ከጠፋ ሌላው ይጠየቃል። መኪናው በቆመ ቁጥር ቆጠራ አለ። መስኮት መክፈት ክልክል፣ ከአገሬው ሰው ጋር ማውራት ክልክል። ጭብጨባውም በትእዛዝ ነበር፤ ጓድ ብርሃኔ ቀይ መሐረብ ሲያነሣ ይዘፈናል፣ ሲያወርድ ዝም ይባላል። ኳስ ሊያዩ ሄደው መሐረብ ሲያዩ ዋሉ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ስታዲየሙ ደግሞ የራሱ ጥበቃ ነበረው። የእንግዳ ደጋፊ ለብቻው በአጥር ተከልሎ ይቀመጣል። ከፊት ለፊቱ ዱላና ውሻ የያዙ ፖሊሶች ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ደጋፊውን ብቻ ያያሉ። ከኋላ ጓድ ብርሃኔና ሁለት ረዳቶቹ ይቆጥራሉ። ከፊት የሰው አገር ፖሊስ፣ ከኋላ የራስ አገር ካድሬ፤ ሙሐዲን የትኛውን የበለጠ ትፈራ ነበር ስለው መልሱን ለማሰብ ጊዜ አልወሰደበትም።

መግቢያው ላይ ሲፈተሹ በርጩማው ተያዘ። ሦስት እግር ያለው እንጨት ሰው ላይ ቢወረወር ያቆስላል ተባለ፤ እውነታቸውን ነው። ሙሐዲን ግን ልጁን የቀሙት ያህል ከፋውና በኦሮምኛ አጉረመረመ። በዚህ ጊዜ አንድ ረጅም ፖሊስ ዞር አለ። ጋልገሎ ይባላል፤ ከሞያሌ ወዲያ ማዶ የተወለደ ቦረና ነው፤ የእሱም አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው። በርጩማውን በሁለት እጁ ተቀበለውና "ስትወጣ ከእኔ ትወስዳለህ" አለው። መሬት ላይ እንኳ አልጣለውም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት።

አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ የአገሬው ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ የእኛዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ባሉበት ተያዙ፤ ከዚያ ተሰልፈው ወደ አውቶቡስ ይግቡ ተባለ። ሙሐዲን በርጩማውን ሊያመጣ ጓድ ብርሃኔን ለመነ። "ከጥንድህ ጋር፤ አምስት ደቂቃ" አለው። ሌላ ሰው ቢሆን እንጨት ነው ብሎ ይተወው ነበር። ሙሐዲን የአማቱን የእጅ ሥራ እንዴት ሰው አገር ጥሎ ይመጣል?

ጋልገሎ በርጩማውን ሰጠውና "ነጋያ?" አለው፤ ሰላም ነህ ወይ ማለት ነው። ሙሐዲን መለሰ። "ወሪ ነጋያ?" ቤተሰቡስ ደህና ነው? ደህና ነው፣ የአንተስ? ከብቱስ? እኛ ጋ እንኳ ብዙ ከብት የለም፣ ቡና ነው ያለን፤ የእናንተስ ከብት? ዝናቡስ ጣለላችሁ? ሙሐዲን ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ በገዛ ቋንቋው አፉን ሞልቶ የተናገረው ያኔ ነበር፤ አምስት ደቂቃውን ረሳው። ስለ ዝናቡ እየመለሰ ሳለ ከፈለ በበሩ ወጣ። አልሮጠም፤ ይህን በኋላ የነገረው ጋልገሎ ነው። ደጅ ላይ ከቀሩት የአገሬው ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ቀስ እያለ ሄደ።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ያ ሰው ስንት ዓመት ቤታችን ሲበላ ሰላምታችን ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቅ ነበር። ሙሐዲን አንዴ ከጀመረ ቀና ብሎ እንደማያይ ያውቅ ነበር።

ሙሐዲን ዞር ሲል ጎኑ ባዶ ነው። "ጓደኛህ ሄዷል" አለው ጋልገሎ። "አንተም የምትሄድ ከሆነ እኔ አላየሁም። ማርሳቢት ወንድም አለኝ፤ ከእሱ ዘንድ ትደርሳለህ፤ የሚነካህ የለም።"

በሩ ክፍት ነበር። ልጅ ገና አልወለድንም ነበር። በዚያች ቅጽበት ቢወጣ ኖሮ ዛሬ የት እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

"ዋሴ አማቴ ናቸው" አለውና በርጩማውን ታቅፎ ብቻውን ተመለሰ።

"ጥንድህስ?" አለ ጓድ ብርሃኔ። "ከሰው አገር ፖሊስ ጋር ምን ስታሴር ነበር? በመስኮት አይቼሃለሁ።"

"ስለ ዝናብ ነው፣ ጓድ።"

በጥፊ መታው። እስከ ሞያሌ ድረስ አንድ እጁ ከወንበሩ ብረት ጋር ታስሮ መጣ።

አውቶቡሱ ሳይደርስ የስልክ ወሬው ጅማ ደርሶ ነበር። ሙሐዲን በራችንን ሲያንኳኳ አባቴ ከታሰሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ዕቃውን ሳያስቀምጥ፣ አፉ ላይ ውሃ ሳያደርግ፣ ወደ ጸጥታ ቢሮው ሄደ፤ እኔም ነጠላዬን ጎትቼ ተከተልኩት።

"በእሳቸው ፈንታ እኔን እሰሩኝ" አለ። "ጥንዱ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሹሙ ፋይሉን ገለጠ። ክፉ ፊት እንኳ አልነበረውም። "አንተ ተመልሰሃል። ዋስህም ነፃ ናቸው፤ ይኸው ተዘግቷል። ሽማግሌው የታሰሩት በአንተ አይደለም፤ በከፈለ ነው።"

"ሁለቱም ዋስ እኮ አንድ ሰው ናቸው፣ ጌታዬ።"

"ወረቀቱ ሁለት ነው" አለና ፋይሉን ዘጋው።

ሙሐዲን የተመለሰው አባቴ እንዳይታሰሩ ነው። ተመለሰ፤ በአንዱ ወረቀት ተፈቱ፤ በሌላው ታሰሩ። ናይሮቢ ቢቀርም አይጨምርባቸውም ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ባልናገረው ይሻል ነበር፤ ግን ተናገርኩት።

አባቴ ሰባ ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ሙሐዲን በርጩማውን ወሰደላቸው። የበሩ ጠባቂ ተቀበለውና ገልበጥ አድርጎ አየው። "ሦስት እግር ያለው እንጨት ሰው ላይ ቢወረወር ያቆስላል፤ አይገባም" አለ። አልመለሰልንም። ግድግዳው ጥግ አደረገውና ራሱ ተቀመጠበት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ምግብ ስናመላልስ ያ ሰው አባቴ በጠረቡት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳህናችንን በማንኪያ እያገላበጠ ይፈትሽ ነበር። እሱን ሳናልፍ እሳቸውን ማየት አይቻልም። ሙሐዲን በመጣ ቁጥር ሰላም ይለዋል፤ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል። እኔ አንድ ቀን አላልኩትም።

አንድ እሁድ አባቴ በአጥሩ በኩል ሙሐዲንን ጠየቁት። "ከዚያ ከቦረናው ልጅ ጋር የት ደርሳችሁ ነበር?"

"ዝናቡ ጋ፣ አባቦራ።"

"እንግዲያው የአገሩን ሰላም ሳትጠይቀው መጣህ" አሉ፤ ከልባቸው አዘኑ። "ምን ይለን ይሆን?"

ለራሳቸው አላዘኑም፣ ከፈለን አልረገሙም፤ የሰውየው ሰላምታ መቅረቱ ነው የቆጫቸው። በዚያች ደቂቃ ሁለቱንም ጠላኋቸው። ጨዋነታቸው ነው የበላን አልኩ በልቤ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

የክረምቱ ብርድ ሳንባቸውን መታቸው። ሕክምና ይሂዱ ብለን ለመንን፤ ወረቀቱ እስኪፈረም ቆየ። ነሐሴ ላይ እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸውን ስንወስድ ጠባቂው ከበርጩማው ተነሥቶ "ይኸው፣ ዕቃችሁ" አለን። ሙሐዲን ሁለተኛ መትቶት አያውቅም። እሁድ እሁድ ከሜዳው የሚመጣው ድምፅ የሌላ ሰው ከበሮ ነው፤ ጎሉ የማን እንደሆነ መለየት አልችልም።

ሁለት ዓመት አልፎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቤታችንን አጠያይቆ መጣ። በሞያሌ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰው ደብዳቤ ይዟል፤ ከከፈለ ነው። "መልስ ካላችሁ ይዤ እሄዳለሁ" አለና ደጅ ቆመ።

ሙሐዲን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። "ለተወደድከው ወንድሜ ሙሐዲን፣ ለጤናህ እንዴት ነህ?" ይላል። "አልሐምዱሊላህ" አለ ሙሐዲን፣ ሰውየው ከፊቱ የቆመ ይመስል። "ፈድሊያስ እንዴት ናት?" "ደህና ናት።" "ቡናውስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ዝናቡስ?" "ደህና ነው፣ ጥሏል።" ገጹ ሙሉ ሰላምታ ነበር፤ አንድም ነገር አልዘለለም፤ ከእኛው ቤት የተማረው ነው። የአገሩን ሰላም እንኳ ጠይቋል፤ ለእሱም ሙሐዲን መለሰ። ከታች አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። "አባባስ ደህና ናቸው? በእኔ ምክንያት እንዳላስቸገሯቸው ተስፋ አደርጋለሁ።"

አንዲት ቃል ጻፍለት፣ ሞቱ ብለህ ጻፍለት፣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሐዲን ግን ደብዳቤውን በአራት አጠፈውና ብድግ ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

"መልስ አለው?" አለ ሹፌሩ።

"የለውም" አለው ሙሐዲን፤ ስለ ቤተሰቡ ሳይጠይቀው በሩን ዘጋ።