የኪሱ እሳት

አሰለፈች ሙሾ ከማውረዷ በፊት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፦ «በምን ሞተ?» በእስቴ አገር ለለቅሶ የሚጠራት ሁሉ ይህን ያውቃል። በጥይት ለወደቀው፣ በወሊድ ላለፈችው፣ በንዳድ ለተቀጠፈው የየራሱ ግጥም አለው። የሳል ሙሾ የሴቶች ነበር። ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ ወለተ ሚካኤልም ዕድሜዋን በማጀት ጭስ ጨርሳ በሳል ነው የሄደችው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ግን ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ወንዶች ሲጋራ ይዘው ወደ አገራቸው ይገቡ ጀመር። ካህናቱ ቢያወግዙም ጎልማሳው ወታደሮቹን ተከተለ። ዓመታት አለፉና አሰለፈች የሳል ሙሾ ለወንድ ማውረድ አበዛች። የምትጠይቃቸው ዘመዶች ሁሉ በስተመጨረሻ ያንኑ ሲጋራ ያነሱ ነበር።

ከተሰናባቾቹ አንዱ ጓዴ የሞተ ዕለት አማቿ ደሴ ከለቅሶው ሜዳ ዳር ጠብቆ አገኛት። ጓዴ ታላቅ ወንድሙ ነው። የሟቹን ካኪ ኮት፣ ሜዳዩንና ቆቡን ለሕዝቡ ለማሳየት ተሸክሟል። በቆቡ ክር ላይ የሲጋራ ፓኮ አስሮበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጌጡ ነበር እማማ። ጭሱን ሲያትጎለጉለው አገር ይፈራው እንደነበር ይበሉልኝ።»

«በምን ሞተ?»

«በሳንባ ነቀርሳ ነዋ። ከጦር ሰፈር ያመጣው ነው።»

«ነቀርሳ ይጋባል። ሚስቱ አብራው ከአንድ ዋንጫ ስትጠጣ ኖረች። እሷስ ሳለች?»

«አልሳለችም።»

«ልጆቹስ?»

ደሴ ቆቡን አገላበጠና፣ «ጎንደር የወሰድነው ጊዜ ሐኪሙ ሳንባው ላይ ክፉ እብጠት በቅሏል ብሏል» አለ። ይህን ሲናገር ራሱ ሁለት ጊዜ ሳለ።

አሰለፈች ሳሉን ሰማች። ልጇ ብርቱካን የዚህ ሰው ሚስት ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት።

«እንግዲያ የምለውን እኔ አውቃለሁ» አለችው።

«እማማ፣ በሕዝብ ፊት ወንድሜን እንዳያዋርዱብኝ።»

«የሞተ ሰው አዋርጄ አላውቅም። አንተ ግን ኮቱን ቀና አድርገህ ያዝ።»

ከሜዳው መሐል ገባች። በመጀመሪያ የጓዴን ጀግንነት አነሣች፤ ደግነቱን፣ ለጎረቤት ማረሱን አልተወችም። ደሴ ኮቱን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦

እናቴንማ በላት የምድጃው ጭሱ፣
ጓዴን የበላውስ እሳት ነው የኪሱ።

ሴቶቹ ተቀብለው ደጋገሙት። ከወንዶቹ መሐል አንዳንዱ እጁን ከኪሱ አወጣ። አንድ ሽማግሌ፣ «ይቺ ሴት በቁም ላለነውም ማልቀስ ጀመረች» ብለው ጎረቤታቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉ። ደሴ ኮቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ሜዳውን እየዞሩ የሚያለቅሱት አልፈውት ሄዱ።

ከቀብር መልስ አሰለፈች ከልጇ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ደሴ ፓኮውን ከቆቡ ፈታ፤ ከገዛ ኪሱም ሌላ አወጣና ሁለቱንም ይዞ ወደ ምድጃው ተጠጋ።

«እዚያ አትክተተው» አለችው። «ብርቱካን እዚያ ነው የምትውል።»

ደሴ ጠቋራውን የማጀት ግድግዳ አየ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገውን ሚስቱንም አየ። ዶማውን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና ፓኮዎቹን ቀበረ።

ተመልሶ ግን ዶማውን አላስቀመጠም። ከምድጃው በላይ ያለውን የጭቃ ግድግዳ በእጁ መታ መታ አደረገ።

«እማማ፣ የጭሱ መስኮት በዚህ ይውጣ ወይስ በዚያ?»

አሰለፈች ተነሥታ ቦታውን አሳየችው። «በዚህ። ሰፋ አድርገው።»