ሱልጣኑ ያልሞተባቸው ቀናት

ልጅ ሳለሁ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ሱልጣን ሰዕደዲን ኮሪደራችን ላይ አሥራ አንድ ቀን ሳይሞት ቆየ።

በፈረንጆቹ 2020 ሊያልቅ ነበር። እማዬ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ኮቪድ ያዛትና መኝታ ቤቱን ከውስጥ ዘጋችው። የአባዬ የካዚኖ ሺፍት ተሰርዞ ነበር። ቁጭ ይላል፣ ይነሣል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን፤ የተቀቀለ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ በበሩ ሥር ቀጭን የመብራት መስመር ትታያለች፣ ያኔ እኔ ከተረቱ ይልቅ ያቺን መስመር ነበር የምጠብቀው፤ ጥላ ካለፈባት እማዬ ተነሥታለች ማለት ነው።

አባዬ የሚያወራው ወሎ ሳለ ከአያቱ የሰማውን ነው። ወንድሙ ጦርነት ላይ ሲወድቅ ሰዕደዲን በኢፋት ነገሠ። ከደጋው ክርስቲያን ንጉሥ ጋር ዓመታት ተዋጋ። ከብት ነዳ፣ ተነዳበት። በመጨረሻ እየተባረረ ዘይላ አጠገብ ደሴት ላይ ገባ። ተከበበ። ውሃ የለም።

በመጀመሪያው ምሽት አባዬ እዚህ ላይ ቆመ። «ከዚያ በጀልባ አመለጠ» አለ።

ከበሩ ጀርባ ሳል። ቀጥሎ የእማዬ ድምፅ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን አትዋሻት። ባሕሩን የተሻገሩት ልጆቹ ናቸው። እሱ ሞተ በላት።»

«አንቺ ሳትወጪ አይሞትም።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው።

ከዚያ በየምሽቱ ሱልጣኑን ደሴቱ ላይ አቆየው። አንድ ቀን ዝናብ አዘነበለት። ሌላ ቀን ዓሣ አጠመደለት።

«ጠብሰህ አጉርሰዋ» አለች እማዬ ከውስጥ።

በስምንተኛው ቀን ምንም አላለችም። አባዬ ተረቱን ትቶ አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። ጣቶቼን በበሩ ሥር ሰደድኩ።

«የት ደረሰ?» አለች፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ።

«እዚያው ነው» አለ አባዬ። «አለ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣች። ግድግዳ ይዛ፣ ማስክ አድርጋ፣ ግማሽ ሆና። ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«በል ጨርሰው።»

አልቻለም። እሷው ጨረሰችው። ሱልጣኑ አሸዋው ላይ ወደቀ። ልጆቹ የመን ገቡ፤ የየመን ንጉሥ ስድስት ፈረስ ሰጣቸው፤ ተመለሱ፤ አገሩንም በአባታቸው ስም ጠሩት። ከዚያ ለነፍሱ ፋቲሃ ቀራንለት። ሲያበቃ ፊታችንን በመዳፋችን አበስን። አባዬ ግን እጁን ከፊቱ አላወረደም።

ስለ ሱልጣኑ ዘመን በኋላ ከመጻሕፍት አነበብኩ፣ ብዙውንም ረሳሁት። የቀሩኝ እነዚያ የአባዬ ሁለት እጆች ናቸው። ፊቱ ላይ ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። እማዬ ካለችበት ሆና «በቃ፣ አለሁ እኮ» እስክትለው ድረስ።