አጋዘኗ ታመሰኳለች ወይ?

ባሕር ማዶ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ ሐይቅ ዳር፣ መኪናም ቤትም የሆነውን ሞተር ሆማችንን ፓርክ አድርገን ስንኖር፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት አጋዘን ደጃፋችን ድረስ እየመጣች ሣር ትግጥ ነበር። እኔ ውበቷን ሳደንቅ፣ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ እግር እግሯን ታያለች።

«ሰኮናዋስ ስንጥቅ ነው፤ ታመሰኳለች ወይ?» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ላጣራላት ስል ተቆጣች። «በዓይኔ ሳላይ አልቀምስም!»

ማን ቅመሺ እንዳላት እንጃ። ብቻ ከዚያ ወዲያ ሥራዋ አጋዘኗን መጠበቅ ሆነ፤ እኔም ሳላስበው አብሬያት መጠበቅ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት አጋዘኗ ከመኪናችን ጥላ ሥር ተኛችና መንጋጋዋን ወዲያ ወዲህ እያደረገች ማመስኳት ጀመረች።

«ይኸው፣ ሥጋዋ ይበላል!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። «ደጃችን ላይ የተኛችውን? ምን ዓይነት ሰው ነህ?»