አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ሰዓት

ቅዳሜ ጥር 8 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10። መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ኮምፒዩተር በውሃ እየቀዘቀዘ ሥራ ጀመረ።

እኔ የሄድኩት ሰዓት ልይዝ ነው። የቤቱ ባለቤት ዘነበች መሥሪያ ቤታችን ሳለች ዘገባዎቼን ለዓመታት ተይባልኛለች። ከሥራ ከተቀነሰች ወዲህ በቤቷ ትተይባለች። የኮምፒዩተሯ ማራገቢያ ተቃጠለ፤ ምትክ ታጣ። ማሽኑ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይግላል፣ ድርቅ ይላል፣ የተጻፈው ይጠፋል። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ትየባ ሊሰጣት አስቧል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ታደሰ ግን ማሽኑ ሳይቆም አንድ ሰዓት ሲሠራ በዓይናቸው ካላዩ አይሰጡም።

2፡20፣ ጎፋ

ከለገሃር በታክሲ ሰባ አምስት ሳንቲም ከፍዬ ጎፋ ወረድኩ። ራዲያተር ጠጋኙ ጋሽ ሽኩር ጋራዥ በር ላይ ቆመው ሻይ በቦምቦሊኖ ይበላሉ። የሠሩትን አሳዩኝ። የገላ ሳሙና የሚያህል መዳብ ነው፤ ውስጡ ተቦርብሯል፤ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧ በስታኞ ተበይዶበታል። የኮምፒዩተሩ ዋና ቺፕ ላይ ይታሰራል።

«መኪና የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ይኼ ምን ቤት ነውና በነፋስ ይኖራል?» አሉኝ።

ወደ መካኒሳ ቀጥታ የሚሄድ ታክሲ ስላላገኘን በእግር ተነሣን። ጋሽ ሽኩር ቱቦውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለዋል፤ መዳቡን እኔ በፌስታል ያዝኩ። መንገዱ ኮረትና አቧራ ነው። ወንዙ ዳር ሴቶች ለጥምቀት የሚለበስ ነጠላ ያጥባሉ። አንዷ ጋሽ ሽኩርን አወቀቻቸው።

«ደግሞ የማን መኪና ፈላ?»

«መኪና አይደለም፣ ኮምፒዩተር ነው። ውሃ ልናጠጣው ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ ውሃ በላው በሉኛ!»

ጋሽ ሽኩር ሳቁ። ትንሽ እንደሄድን ግን መዳቡን ከእኔ ተቀብለው ብየዳውን እንደገና አገላብጠው አዩት።

4፡10፣ መካኒሳ አቦ

ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ውሃው በቱቦ ወርዶ በመዳቡ ውስጥ ያልፍና ዘነበች እግር ሥር ያለ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ጀሪካኑ ሲጎድል ከግቢው ቧንቧ ሊሞላ ነው።

«ባልዲው ውስጥ እጃችሁን እንዳትከቱ፣ ይፋጃል» አሉ ጋሽ ሽኩር። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ሙቅ ውሃ» ብዬ ጻፍኩ።

ዘነበች መተየብ ጀመረች። አቶ ታደሰ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

4፡25 ማሽኑ ይሠራል። 4፡31 የቱቦው መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ታየች። ጋሽ ሽኩር በጨርቅ ጨብጠው ያዙት፤ ከዚያ በኋላ አልለቀቁትም።

4፡44 ጀሪካኑ ሊያልቅ አራት ጣት ቀረው። ግቢ ወጥቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ጭው ብሏል። ውሃ ጠፍቷል።

«ሌላ ውሃ የለም?» አሉ አቶ ታደሰ። «ያ ቢጫው ጀሪካንስ?»

«የእማዬ ጠበል ነው። እሱ አይነካም» አለች ዘነበች።

«አይነካም» አሉ ጋሽ ሽኩርም። «ባልዲው ውስጥ ያለውም አይሆንም፣ ፈልቷል።»

ዘነበች እጇን ከመተየቢያው ሳታነሳ ጫማዋን በእግሯ አወለቀች። የእግሯን አውራ ጣት ባልዲው ውስጥ ነከረች።

«ጋሽ ሽኩር! ቀዝቃዛ ነው!»

«አይሆንም።»

«ይንኩት በሞቴ!»

ጨርቁን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላኛው ነኩት። «የመኪና መስሎኝ» አሉ ዝቅ ብለው። «ለካ ይቺ ትኩሳት እንጂ እሳት የላትም።»

ውሃው መልሶ ሊያገለግል ነው፤ ቁም ሳጥኑ ላይ የሚያወጣው ግን ያስፈልጋል። ዘነበች ብታቋርጥ ሙከራው ይበላሻል። ጋሽ ሽኩር ቱቦውን ቢለቁ ውሃው ማሽኑ ላይ ይፈሳል። እኔ ሰዓት ይዣለሁ።

«እኔ የመጣሁት ለመታዘብ ነው» አሉ አቶ ታደሰ።

«ታዲያ ከላይ ሆነው ይታዘቡና» አለች ዘነበች።

ኮታቸውን አወለቁ። ሌላ ባዶ ባልዲ ከቱቦው ሥር ተክተው የሞላውን አነሱ፣ ወንበር ላይ ወጡ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ቀዱ። ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ።

«ስምሽ ራሱ ዘነበች!» አሉ ከላይ።

5፡10 «ሰዓቱ ሞላ» አልኩ። ዘነበች የጻፈችውን አራት ገጽ ዲስኬት ላይ ገለበጠች። ማሽኑ ይሠራል። አቶ ታደሰ ሸሚዛቸውን ጨመቁ፤ ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

7፡30፣ ቤት

በሜክሲኮ በኩል ተመለስኩ። ማስታወሻዬን ከመገልበጤ በፊት «ሙቅ» የሚለውን ሰረዝኩ። ሳልነካው የጻፍኩት እሱን ብቻ ነበር።

ሰኞ ለዘነበች ደወልኩ። አቶ ታደሰ በአንድ እጃቸው የሚተየብ የሂሳብ ፈተና ረቂቅ፣ በሌላኛው ባልዲ ይዘው መጥተው እንደነበር ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱ ደውዬ እሳቸውኑ ጠየቅኩ። ባልዲው አዲስ ነው፤ ሃያ ሊትር ይይዛል።