የእሜት ይርገዱ መዳፍ

ወገዳ ከተማ፣ ከገበያው በላይ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ አለ። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ ሞተሩ ይጮሃል፣ በሩ ላይ የተከመረው ፋጉሎ ገና ትኩስ ነው፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ቆምኩ። እኔ ሽታ ሆዷን የሚያባባት ሴት አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ስምግ ነው የምውለው። ምንም አልተሰማኝም ብል አልዋሸሁም። ብቻ እግሬ አልሄድ አለኝ። ከኋላዬ አህያ የሚነዳ ሰውዬ «እትዬ፣ ኧረ መንገዱን ልቀቂልን» ሲለኝ ነው ፈቀቅ ያልኩት። የእሜት ይርገዱ መዳፍ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

እሜት ይርገዱ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲህ ባለው መንደራችን፣ እርጉዝ ሴት የሚያሹ አሮጊት ነበሩ። ያዋልዱም ነበር፤ ስማቸው የሚነሳው ግን በማሸቱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሴት። ያመሰገናቸውን ሰው «ኧረ ተወኝ ወዲያ» ብለው ፊታቸውን ያዞሩበታል። ከዚያ ቀጭን ክንድ ጫፍ ያ ሁሉ መዳፍ ከየት እንደመጣ እንጃ።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ዓመት ሳትፀንስ ቆየች። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አረገዘች። ሁዳዴ ሲገባ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ኮንጎ ጫማዋ አልገባ ብሏት በባዶ እግሯ ትሄድ ነበር። ከተቀመጠች ለመነሳት ምሰሶውን መያዝ አለባት። ሌሊት ትገላበጣለች። አባቴ «ምን ላድርግልሽ?» ይላታል፤ እሷ «ምንም» ትላለች። በመጨረሻ እሜት ይርገዱን አስጠራ።

እሳቸውም መጡና መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን በሙቅ ውኃ መታጠብ ነበር። በጾም ቅቤ አይነኩም፤ «አፍ የጾመውን ገላ አይበላም» ይላሉ። ስለዚህ የኑግ ዘይት በገል አድርገው ፍሙ ላይ ሞቅ ያደርጋሉ። እናቴን መደቡ ላይ፣ ቁርበት ተነጥፎ፣ በግራ ጎኗ ያስተኟታል። ከቁርጭምጭሚት ይጀምራሉ። ባቷን ወደ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ወገቧን በመዳፋቸው ተረከዝ፣ ከዚያ ትከሻዋን። ሆዷን ግን አይነኩም። አንድ ቀን እናቴ እዚህም እዚህም ትንሽ ቢጫኑልኝ ብላ ሆዷን ስታሳያቸው፣ «እዚያ ቤት ባለቤት አለበት። በሰው ቤት ዘው አይባልም» አሏት። እናቴ ሳቀች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሆድ አይታሽ ብላ ታስተምር ስለነበር ሁለቱ በዚህ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እናቴ በዚያ ማሸት ሰው ሆነች። እብጠቱ ቀለል አለላት፣ ያለ ምሰሶ መነሳት ጀመረች። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እሜት ይርገዱ ገና ትከሻዋ ላይ ሳይደርሱ ታንኮራፋለች። እሳቸውም እጃቸውን ሳያነሱ ትንሽ ይቆዩና፣ ነጠላዋን አልብሰዋት፣ ለኔ «እንዳትቀሰቅሻት» ብለውኝ ይሄዳሉ። እናቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ምጡ ከወሩ ቀድሞ መጣ። ጎረቤት ወደ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ቃሬዛ ሲያዘጋጅ ልጁ ቀደመ። እኔ ደጅ ነበርኩ። እልልታ ጠበቅሁ። በኛ አገር ለወንድና ለሴት የእልልታው ቁጥር ይለያያል፤ ደጅ ያለ ሰው ቆጥሮ ነው ወንድ ሴት የሚለው። ያን ቀን እልል ያለ የለም። ሕፃን ሲያለቅስም አልሰማሁም። አባቴ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ፤ እሜት ይርገዱ ከኋላው። ጎተራው ጥግ ሲደርሱ ቆመና፣

«በጊዮርጊስ ይማሉልኝ» አላቸው። «ወንድ ይሁን ሴት ከአፍዎ እንዳይወጣ። እሷ እንደሆነ ነፍሷን ስታ ነበር፣ አላየችም። ካላወቀች ቶሎ ይወጣላታል።»

«መቼም እናት ናት…»

«ይማሉልኝ። ሆድ ይፍጀው።»

ማሉለት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የመሰለውን ነው ያደረገው።

ከዚያ ቤታችን ደነዘዘ። ሌላ ቃል የለኝም። ልቅሶ አልተቀመጥንም፤ ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ማን ይቀመጣል? የአራስ ገንፎም የለም። ጎረቤት ይመጣል፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ይሄዳል። እናቴ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ምን ነበር?» አባቴን ትጠይቃለች፤ «ተይው በቃ» ይላታል። ሴቶቹን ትጠይቃለች፤ እነሱም አያውቁም፣ «እግዜር ይተካልሽ» ይሏታል። እኔንም ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምሳ ሳቀርብላት ታየኛለች፣ ግን እኔን ማየቷ አልነበረም። እኔም አላለቀስኩም። ለምን እንዳላለቀስኩ ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ አፌ ውስጥ እንጨት እንደያዝኩ ሆኜ ነው የከረምኩት።

እሜት ይርገዱ በሦስተኛው ቀን መጡ። ደጃፉን ሲረግጡ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸው የሰነበተውን ቃል ተናገሩት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

አጠገቧ የነበረች ጎረቤታችን ደነገጠች። «ምኑን ማረቻት እሜት፣ ልጁ የት አለና?»

«ይህችው፣ አለች አይደል እንዴ» አሉ እናቴን በአገጫቸው እያሳዩ። «ወልዳለች። አራስ ናት። ገንፎው የታለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ እንዳላት አራስ አሿት። ጾሙ ስለወጣ፣ አራስም ስለማትጾም በቅቤ። በየቀኑ ይመጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ያሻሉ፣ ይሄዳሉ። እናቴም በየቀኑ «እሜት፣ ምን ነበር?» ትላለች። እሳቸው መልስ አይሰጡም፤ ወገቧን ያሻሉ። ውሎ ሲያድር እሷም መጠየቁን ተወችው። እኔ ያኔ ጠላኋቸው። አንድ ቃል ምን ይከብዳል እል ነበር፤ መሐላ ምን እንደሆነ መቼ ገባኝ።

አርባ ሲሞላ አባቴ፣ «እንግዲህ ነገ ሄደሽ ቤተክርስቲያን ሳሚ። ይብቃሽ፣ ከሰው ተቀላቀይ» አላት። እናቴ ቀሚሷን አጠበች፣ ፀጉሯን ተሠራች። እንደ ወጉ አዋላጅዋ አብራት መሄድ ነበረባት። ጠዋት እሜት ይርገዱ መጡ። ግን ነጠላቸው የአዘቦቱ ነው፣ በእጃቸውም ያው የቅቤው ቅል አለ።

«ነይ ተኝ» አሏት።

«እንዴ፣ አርባዬ ሞልቶ የለም?»

ውኃ ቀዱና እጃቸውን ታጠቡ።

«እሜት፣ ዛሬ እኮ ቤተክርስቲያን ልገባ ነው።»

ቁርበቱን አነጠፉ። ቅቤውን መዳፋቸው ላይ አድርገው እያሟሟቁ ቆመው ጠበቋት። አላዩዋትም፤ መዳፋቸውን ነበር የሚያዩት።

ወንድ የወለደች በአርባ፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀኗ ቤተክርስቲያን እንደምትገባ እንኳን እናቴ እኔም አውቅ ነበር። እናቴ ከነነጭ ቀሚሷ መሐል ቤት ቆማ ቀረች። ከዚያ መደቡ ላይ በግራ ጎኗ ተኛች። እሜት ይርገዱ ከቁርጭምጭሚቷ ጀመሩ። ወገቧ ላይ ሲደርሱ እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ከወለደች ያኔ ገና ማልቀሷ ነው። «ልጄን፣ ሴቷን ልጄን» እያለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። እህት ነበረችኝ።

አባቴ ድምፁን ሰምቶ ከደጅ ሮጦ ገባ።

«ምለውልኝ አልነበረም?» አላቸው።

«ምን ቃል ወጣኝ?» አሉ እጃቸውን ሳያነሱ።

ቆሞ አያቸው። ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ፤ እስከ ምሳ አልገባም።

ክረምቱን ሁሉ በዚያ ጭቃ፣ ወንዙ ሲሞላ ዞረው በላይኛው መሻገሪያ እየመጡ አሿት። ሰማንያው የሞላው ፍልሰታ ሲገባ ነው። እናቴና እሳቸው ነጫጭ ለብሰው አብረው ቤተክርስቲያን ሄዱ፤ እናቴ ስትመለስ፣ ከወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን በላሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እሜት ይርገዱ ከሞቱ ቆይተዋል። እንዲያ የሚያሽ ሰው ዛሬ በመንደራችን የለም። ከሞቱ በኋላ እኔን ሊያጩ ከእስቴ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። አንደኛው ጨዋታ ለማምጣት ብለው አባቴን «ለመሆኑ ልጆች ስንት ናቸው?» አሉት። እናቴ ጠላ ትቀዳ ነበር፤ እጇ ቆመ። በቤታችን ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው ሁልጊዜ እሱ ነበር፣ ሁልጊዜም «አንድ» ነበር የሚለው። ያን ቀን ግን፣

«ሁለት ሴቶች ናቸው» አለ። «ትንሿ ቀድማናለች።»

ሽማግሌው «ነፍሷን ይማር» አሉ። እናቴም «አሜን» ብላ ጠላውን መቅዳት ቀጠለች።