"ልጄ ያው አይደለም ብላለች"

ዛሬ አባዬ ከባሕር ዳር ቡሬ ድረስ አንድ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ። የሚኒባሱ ረዳት "ጣሪያ ላይ እንጫነው" ቢለው እምቢ አለ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ለኮምፒውተሬ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ ነው።

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ላፕቶፕ ስለደከመብኝ፣ እርስ በርስ የሚስማሙ ዕቃዎች እየመረጥኩ ራሴ ኮምፒውተር ስገጣጥም ከርሜያለሁ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ዋት ይሁን። ካነሰ ግራፊክስ ካርዱን አይችለውም" ብዬ ላክሁት።

ትናንት ባሕር ዳር አንድ ባለሱቅ ዋቱ አነስ ያለውን አውጥቶ "ይውሰዱት አባባ፣ ያው ነው" ይለዋል።

አባዬ "ልጄ ያው አይደለም ብላለች" ብሎት ወጣ። ዋት ምን እንደሆነ አያውቅም። የተባለውን እስኪያገኝ ግን ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ዋለ።

(ራሱ ጨርቅ ሲሸጥ "ያው ነው" ሲል ነው የሚውለው 😄)

አሁን ገጥሜ አበራሁት። ፋኑ መዞር ሲጀምር አባዬ እጁን አስጠግቶ ነፋሱን ሞከረና "አልሐምዱሊላህ! በይ፣ የማንን ሠርግ ነው የምታሳዪኝ?" አለኝ።

ዊንዶውስ እንኳ ገና አልጫንኩም። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀምጧል ❤️

እናንተስ? ነገሩ ሳይገባው ቃላችሁን ብቻ አምኖ የደከመላችሁ ማን ነው? እስቲ አጫውቱኝ።